የእንቁ የአንድ ደቂቃ ንግግር

«ስሜ እንቁ ይባላል፤ ከእንጅባራ ነው የመጣሁት» አለች፣ ለጋሪው ፈረስ ጀርባ።

ባለጋሪው ዞር አለ። «እኔን ነው?»

«አይ፣ እየተለማመድኩ ነው።»

«ለሠርግ?»

«ለወንበር።»

ባለጋሪው ሳቀና ፈረሱን ቸብ አደረገው። ዳንግላ ጉም ለብሳ፣ ሱቆቹ መሬት ሳይነኩ የቆሙ ይመስሉ ነበር። እንቁ በሐሳቧ ቀድማ ደርሳለች። እዚያ አንደበቷ ማር ነው፤ ነጋዴው ሁሉ አፏን ይጠብቃል፣ የቀርከሃ ወንበሮቿም ከጉሙ ውስጥ በራሳቸው እግር እየወጡ ወደየሆቴሉ ግቢ ይገባሉ። በእውኑ ግን የገዛ ዕቃዋን ዋጋ ሲጠይቋት ላብ የሚያጠምቃት ሴት ናት።

እንጅባራ ላይ ከወርቅአየሁና ከሌሎች ሴቶች ጋር በማኅበር ወንበር ትሠራለች። ገዥ ጠፍቶ ማኅበሩ ሊፈርስ ደርሷል። አቶ መሳፍንት ዳንግላ ላይ ሆቴል ሊከፍቱ መሆኑ ሲሰማ፣ ሴቶቹ «አንቺ ሥልጠና ወስደሻል» ብለው እሷን ላኩ። ሥልጠናው የንግድ ተግባቦት ነበር፦ እጅን ጠበቅ አድርጎ መጨበጥ፣ ዓይን ዓይን ማየት፣ ጉዳይን በአንድ ደቂቃ መጨረስ። አሠልጣኙ «ዓይናችሁን እንዳትሰብሩ» ብሏል። እናቷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ «ዓይንሽን ስበሪ» ስትላት ነው የኖረችው። ታዲያ ማንን ትስማ? ለዛሬ አሠልጣኙን መረጠች።

አቶ መሳፍንት በአዲሱ ሆቴል በረንዳ ላይ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠዋል። እንቁ ቀጥ ብላ ሄዳ የአቶ መሳፍንትን እጅ ጨበጠች። ዓይናቸውን አየች፤ ከዓይናቸው በቀር ምንም አላየችም። ንግግሩ ወረደላት፤ አንዲት ቃል እንኳ አልተደነቃቀፈችባትም። የሌላ ሰው ድምፅ እየሰማች መሰላት፤ ደስም አላት።

ስትጨርስ ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው፣ «ለመሆኑ እናት ለሞተችበት ሰው 'ያጥናዎት' አይባልም?»

ያን ጊዜ አየች። የአቶ መሳፍንትን ጥቁር ኮት፣ ሳይላጭ የከረመውን ጢም፣ አንገታቸው ላይ የተጠመጠመውን ጥቁር ጨርቅ። እናታቸው ከሞቱ ገና ወር አልሞላቸውም። በዚህ አገር ባላንጣ እንኳ መጀመሪያ ለቅሶ ይጠይቃል፤ እሷ ወንበር ሸጠች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«እግዚአብሔር ያጥናዎት» አለች። አማርኛው አልበቃ ብሏት በአገውኛ ደገመችው።

አቶ መሳፍንት ቀና አሉ። «እናቴ አማርኛ አታውቅም ነበር» አሉ። «ሰው ሁሉ በአማርኛ ነው ያለቀሰላት።»

ከዚያ ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እሷ ዞሩ።

«በይ ግድየለም፤ ንግግርሽስ ደግ ነው። ነገ ባሕር ዳር ወንበር ልገዛ ነው የምሄድ። ያለሽን አሁኑኑ አሳይኝ።»

የወንበሮቹ ፎቶ ስልኳ ላይ ነው። ይህች ቀን ካለፈች ሌላ ገዥ እንደሌለ ታውቃለች፤ የወርቅአየሁም ፊት መጣባት። እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ መልሳም አወጣችው።

«የወንበሩ ይቆይ» አለች። «እናትዎን ምን አገኛቸው? ታመው ነበር?»

ሽማግሌው ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።