ከመንካት በፊት አስር ትንፋሽ

ባልደረቦቹ «ነጎድጓድ» የሚሉትን የአምቡላንስ ነርስ ያስከሰሰው ድምፁ ነው። አንዲት እናት ደረጃ ላይ ወድቀው ትንፋሻቸው ቀጥ ሊል ሲል፣ ዘመዶቻቸው ዙሪያቸውን ከበው በስልክ ይቀርጹ ነበር። «ዞር በሉ፣ እናንተ ደረቆች!» ብሎ ጮኸባቸው። እናትየው ዳኑ፤ ዘመዶቻቸው ግን ክብራችን ተነካ ብለው አመለከቱ። ወይ ጉድ! ይኸው ለሥነ ምግባርና ለንዴት መቆጣጠሪያ ሥልጠና ተላከ። ካላለፈ ከአምቡላንስ ወርዶ መጋዘን ውስጥ ጓንት ሲደረድር ሊኖር ነው። እሱ ደግሞ ከአምቡላንስ ሌላ የሚወደው ሥራ የለም።

አሰልጣኙ ወንበር ቢነካ እንኳ «ይቅርታ» የሚል ሰው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ያስተማረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማንንም ከመንካት በፊት አስር ጊዜ በረጅሙ መተንፈስ፣ ራስን ማስተዋወቅ፣ ከዚያ ፈቃድ መጠየቅ።

በመጨረሻው ቀን ፈተናው ሊጀመር ሲል፣ አሰልጣኙ ብስኩት በሻይ እያወራረደ ስለ ትዕግሥት ሲናገር ብስኩቱ አነቀው። ጉሮሮውን ያዘ፤ ፊቱ ቀላ፣ ዓይኑ ፈጠጠ።

ሌሎቹ ዘጠኝ ሠልጣኞች፣ ሁሉም የአምቡላንስ ነርሶች፣ ዘለው ተነሡ። ፈተናው ይኼ ነው ብለው ስላሰቡ ግን የነካው የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንፋሻቸውን መቁጠር ጀመሩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! ቀድማ የጨረሰችው ነርስ ጠጋ አለች።

«ጤና ይስጥልኝ ጌታዬ፣ የአምቡላንስ ነርስ ነኝ። ጀርባዎን ልምታዎት?»

ሰውየው እጁን አወራጨ።

«መልስ አልሰጡም» አለችና እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ነጎድጓድም ምን ይደበቃል፣ መጋዘኑ እየታየው እስከ አራት ቆጥሮ ነበር። የአሰልጣኙ ከንፈር ሲጠቁር ግን ደሙ ፈላ። «ሰው እየሞተ ምን ትቆጥራላችሁ!» ብሎ ሲጮህ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ሰውየውን ጎንበስ አድርጎ ጀርባውን አምስት ጊዜ ደለቀው። ብስኩቱ ተስፈንጥሮ ወጣ።

አሰልጣኙ እንባውን ጠረገ፣ ክራቫቱን አስተካከለና የውጤት ወረቀቱን አነሣ።

«ጮኸዋል። ሳያስፈቅዱ ነክተዋል። ይቅርታ፣ ወድቀዋል።»

ለዘጠኙ ሙሉ ነጥብ ሰጣቸው። ነጎድጓድ ቦርሳውን አንሥቶ ወጣ። ኮሪደሩ ጫፍ ሲደርስ አሰልጣኙ እየሮጠ ደረሰበት፤ ዘጠኙ እንዳይሰሙት ግራ ቀኙን አየ።

«የግል ስልክ ቁጥርዎን ይሰጡኛል?» አለው በሹክሹክታ። «ባለቤቴ የልብ ሕመምተኛ ናት። አምቡላንስ ስጠራ ከእነሱ አንዱ ቢመጣብኝስ?»