ሐይቅ፣ ተራራ፣ ወይስ ሙዚቃ

ሾፌሩ አውቶቡስ መንዳት ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ውስጥ አሥራ አራቱን፣ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ ጎረምሶችንና ኮረዶችን ወደ ዕረፍት ቦታቸው ሲያደርስና ሲመልስ ነው ያሳለፈው። እንግዲህ ልጄን የት ልስደድ ብሎ ለተጨነቀ ወላጅ ከእሱ የተሻለ አማካሪ አልነበረም። ሌላው ሰው የሚያየው በየትምህርት ቤቱ የሚታደለውን ባለቀለም ወረቀት ነው፤ እሱ የሚያየው ልጆቹን ነው፣ ያውም ሲመለሱ።

«ሲሄዱማ ሁሉም ይዘፍናል» ይላል። «ሲመለሱ ነው ማየት።»

የሐይቁ ልጆች ፀሐይ አፍንጫቸውን ልጦት፣ አፋቸውን ከፍተው እያንኮራፉ ይመጣሉ። የሙዚቃው ካምፕ ልጆች አንዲት ዘፈን ይዘው አራት ሰዓት ሙሉ ያደርቁታል፤ ቤቱ ገብቶ ሊተኛ ሲል እንኳ ዘፈኗ ጆሮው ውስጥ አለች። የእርሻው ልጆች ሁልጊዜ ተጣልተው ነው የሚመለሱት፤ ምክንያቱ እስከ ዛሬ አልገባውም። የተራራው ልጆች ግን ልዩ ናቸው። ሲሄዱ እየተፈራሩ አንድ አንድ ወንበር ይዘው የነበሩት፣ ሲመለሱ በሁለት ሰው ወንበር ላይ አራት ሆነው ይታጨቃሉ፣ አንዱ የሌላውን ሹራብ ለብሶ።

«ያኮረፈ ከሆነ ሐይቅ» ይላል ለጋራዡ መካኒክ። «አላርፍ ባይ ከሆነ እርሻ፣ ይልፋ። ዓይን አፋር ከሆነ ግን ተራራ ስደደው፣ ስማኝ!» የስምሪት ኃላፊው እንኳ ሁለት ልጆቹን የላከው እሱን አማክሮ ነው።

ያላማከረችው አንዲት ሰው ብቻ ነች፤ የገዛ ልጁ።

ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ሁለት ዓመት አለፈ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ይዛ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ነው፤ ራት ላይ ሁለቱም የማንኪያቸውን ድምፅ እየሰሙ ይበላሉ። ጓደኛ ብላ ወደ ቤት ያመጣችው ሰው የለም። እሱም ለሳምንታት «ተራራ ሂጂ» ሊላት አፉ ድረስ እየመጣበት ይውጠዋል፤ ያልኳት እንደሆነ እምቢ ትላለች ብሎ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱን ቅጽ አምጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። አራት ሣጥኖች አሉ። ተራራ የሚለው ላይ ምልክት አድርጋበታለች።

«እማ!» አለ፣ ከደስታው ብዛት ብድግ ብሎ። «ተራራ! የተራራው ስምሪት እኮ ዘንድሮም የኔ ነው፣ እኔ ነኝ የምወስድሽ!»

«እሱን ነው ልነግርህ የፈለግኩት አባዬ። አንተ እንዳትነዳ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። «ታፍሪብኛለሽ?»

«አይደለም። ትናገራለህ።»

«ምን እናገራለሁ?»

«የእማዬን ነገር።» ጣቷን ማጠፍ ጀመረች። «ለጥርስ ሐኪሟ ነገርካት፣ አፌን እንደከፈትኩ። ለጫማ ሻጩ ነገርከው። እናት የሌላት ልጅ ናት፣ ጠንካራውን ስጣት አልከው! እናትና የጫማ ሶል ምን አገናኛቸው? ለክፍል ኃላፊዬ ነገርካት፣ እሷ ለክፍሉ በሙሉ ነገረች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያወራኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ የታመምኩ ይመስል። ተራራው ላይ ከየትምህርት ቤቱ የተውጣጡ ናቸው፤ ማንም አያውቀኝም። አንድ ሳምንት ብቻ ማንም ምስኪን ሳይለኝ ልክረም።»

የጫማው ነገር ሾፌሩን ትንሽ አስቆት ነበር፤ ግን ፊቷን አይቶ ዋጠው።

«ለማንም አልናገርም» አላት።

«ማልልኝ።»

«በእናትሽ» ሊል ብሎ ተወው። «ቃሌ ነው» አለ።

በማግስቱ ስምሪቱን ቀየረ። ሐይቁን ራሱ ወሰደና ተራራውን ለዕረፍቱ ሰሞን ከሌላ ጋራዥ ለተዋሱት ሾፌር አስረከበ። ይህ ሰው በመጣ በሁለተኛው ቀን ሬዲዮ የሚል ስም የወጣለት ነው። ለእሱ የነገሩት ነገር እስከ ምሳ ሰዓት ከጥበቃው እስከ ገንዘብ ያዧ ይዳረሳል።

የጉዞው ቀን ጠዋት ሁለቱ አውቶቡሶች ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ጎን ለጎን ቆሙ። ልጅቷ ከአባቷ ሃምሳ እርምጃ ያህል ቀድማ መጥታ፣ ቦርሳዋን አስጭና ወጣች። ከኋላ ሁለተኛው ወንበር፣ መስኮት ዳር። ሾፌሩ ከሐይቁ አውቶቡስ ጋቢና ሆኖ ጎኗን ያያታል። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

ያን ጊዜ ምላሱ በላችው። ሬዲዮን ጠርቶ፣ ያቺን ልጅ ዓይንህን ጣል አድርግባት፣ ቢያማት ቅርብ ሁን፣ እናት የላትም ቢለው ምን ነበረበት? ሬዲዮ ደግሞ ራሱ መጣ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ እያደረገ።

«ወንድሜ፣ አንድ አምስት ወላጅ አደራ ብሎኛል! አንደኛዋ ልጄ ዓሣ አይበላም ትለኛለች። እኔ ምን አገባኝ፣ ምግብ ቤት ነኝ? አንተስ፣ የጫንከው ልጅ የለህም? ለመሆኑ ልጅ አለህ?»

ሾፌሩ መሪውን በሁለት እጁ ያዘ።

«የለኝም» አለ።

«ተገላገልክ በለኛ!» አለ ሬዲዮ፣ ትከሻውን መታ አድርጎት ሄደ።

ሐይቁ ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ልጆቹን አራግፎ በዚያው ቀን ተመለሰ፤ ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ ነበር። መቼም ቤት ለአንድ ሰው ሲሰፋ ያውቃል። ዳቦ ቤት ሄዶ እንደ ልማዱ ለሁለት ሰው ገዛ፣ ትርፉ ደረቀ። ሰፈር ውስጥ አዲስ ፀጉር አስተካካይ ተከፍቶ ነበርና ገብቶ ተቀመጠ። አስተካካዩ «እሺ ጋሼ፣ ኑሮ እንዴት ነው?» አለው። ሾፌሩ አፉን ከፈተ፣ ከዚያ ከደነው። ባለቤቴ ሞታ ልጅ ለብቻዬ አሳድጋለሁ የሚለውን ካልተናገረ ሌላ የሚለው ነገር እንደሌለው የዚያን ጊዜ አወቀ። ያንን ሲናገር እኮ ሰው ሥራውን አቁሞ ያየው ነበር። ሰዉ ያይ የነበረው እሱን እንጂ ልጅቷን እንዳልነበረ ገባው። መቀሱ ሲንኳኳ እየሰማ ፀጉሩን ተቆርጦ ወጣ።

በመመለሻው ቀን የሐይቁን ልጆች አምጥቶ ከጨረሰ አንድ ሰዓት ቆይቶ የተራራው አውቶቡስ ደረሰ። ወላጆች ከበቡት። ሾፌሩ ከወላጅ ጋር ይቁም ከሾፌር ግራ ገብቶት አጥሩ ሥር ቀረ። ሬዲዮ ወርዶ ወገቡን እያሸ መጣ።

«ኧረ ጆሮዬ! ምን ያለ ጫጫታ ነው! ወንበሩን ትተው እርስ በርስ ተደራርበው ነው የመጡት። አንዲት ልጅ ብቻ ስታሳዝነኝ፣ ከኋላ መስኮት ዳር። ሄዳም ለብቻዋ፣ መጥታም ለብቻዋ። ጋቢና ነይ ብላት፣ እዚህ ይሻለኛል አለችኝ።»

«አልቅሳለች?»

«ኧረ የለም። ምነው፣ ታውቃታለህ እንዴ?»

ሾፌሩ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ልጅቷ መጨረሻ ላይ ወረደች። አባቷን አየችው፤ ቦርሳዋን አንስታ ወደ መንገዱ ሄደች። እሱም ሬዲዮን ተሰናብቶ ቀስ ብሎ ተከተላት። ማዕዘኑን ከታጠፉ በኋላ ደረሰባትና ቦርሳውን ተቀበላት።

«እንዴት ነበር እማ?»

«ጥሩ።»

«ጓደኛስ?»

ትንሽ ሄዱ።

«ልትሆን የነበረች አንዲት ልጅ ነበረች» አለች። «በሦስተኛው ቀን እናትሽ ምን ትሠራለች አለችኝ። ልብስ ትሰፋለች አልኳት። ምን ትሰፋለች ስትለኝ ደግሞ የሙሽራ ቀሚስ አልኳት። ከዚያ በኋላ አጠገቧ መቀመጥ አቃተኝ። ሌላ ነገር ብትጠይቀኝስ ብዬ። እሷ የጠላኋት መሰላት።»

ሾፌሩ ቦርሳውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እኔም የእናንተው ሾፌር ሲጠይቀኝ ልጅ የለኝም አልኩት።»

ልጅቷ ቆመች። «የለኝም?»

«እንዳትናገር ብለሽኝ...»

«እንዲህ በልስ መች አልኩህ አባዬ!» ዓይኗ ሞላ። ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሱም ቦርሳውን ታቅፎ ቆመ።

«ያቺ ልጅ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ ነበር» አለች በመጨረሻ፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች።

«ከፈለግሽ እኔ ደውዬ ልንገርልሽ። ልምድ አለኝ።»

ሳቅ ቀደማት፤ አጭር፣ ያለፈቃዷ የወጣ ሳቅ።

«አይ፣ ራሴ» አለች።

መቼ እንደምትደውል አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃት። ጎን ለጎን ሆነው ወደ ቤት ሄዱ።