ቆሽሻ የማታውቅ አውሮፕላን

ለተማሩት፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ዓይንም የሌለው ይመስላቸዋል። አሮጊቷን ሌላው ሁሉ ቢንቃት ግድ አልነበራትም፤ ንቀት እየለመደች ነው ያረጀችው። የገዛ ልጇ ግን፣ ያውም አውሮፕላን አጥባ ያስተማረችው ልጅ፣ ስለዚያው አውሮፕላን ስትነግረው "እማዬ፣ አንቺ ይሄን አታውቂውም" ሲላት አንጀቷ አረረ።

ሃያ ሁለት ዓመት አጥባለች። በጦር አየር ማረፊያው አብራሪው ያበራል፣ መካኒኩ ይፈታል ይገጥማል፤ እሷ ባልዲና ጨርቋን ይዛ ከአውሮፕላኗ ሆድ ስር ትንበረከካለች። ከጭስ መውጫው ኋላ የሚጋገረውን ጥላሸት በላምባ ታስለቅቃለች፣ የመትረየሱን ጥቀርሻ ትፍቃለች። ጉልበቷ እንደ ግመል ጉልበት የደደረው በጸሎት አይደለም።

የጡረተኛ አብራሪዎች ማኅበር የዚያችኑ ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ለአዳራሻችን ሥራልን ብሎት፣ ልጇ ሦስት ወር ሙሉ የምግብ ጠረጴዛውን ይዞ ከረመ። ክንድ የማታህል የፕላስቲክ አውሮፕላን! ቁርጥራጩን በምላጭ እየለየ፣ በሙጫ እያጣበቀ፣ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት እየፈገፈገ ሠራት። እጁስ እጅ ነው፤ እሷም አልካደች። አብራሪው ፊት የሚደረደሩትን ጥቃቅን ሰዓቶች በስቴኪኒ ጫፍ ሲነጥብ ትንፋሿን ይዛ አይታዋለች።

ግራጫው ቀለም ደርቆ፣ ቁጥሩ ተለጥፎ፣ አበቃ ስትል ግን ማቆሸሽ ጀመረ። ጥቁር የዘይት ቀለም በላምባ አቅጥኖ ሆዷን ለቀለቀው። ከጭስ መውጫው እስከ ጅራቷ ጥላሸት ጎተተባት።

"ምን እያደረግህ ነው፣ አንተ?"

"እውነተኛ እያስመሰልኳት ነዋ። ንጹሕ ከሆነች መጫወቻ ትመስላለች።"

"ይቺ አውሮፕላን እንዲህ ቆሽሻ አንድም ቀን አልተነሣችም።"

"ከፎቶ አይቼ እኮ ነው፣ እማዬ።"

"ከማን ፎቶ?"

"የሌላ አገር ናት። ዓይነቷ ግን ያው ነው።"

"እንግዲያው የሌላ አገር አጣቢ ሰነፍ ናት! እኔን ምን አገባኝ?"

ሳቀባት። "አንቺ የምታውቂው ባልዲውን ነው" አለና ብሩሹን መልሶ ነከረ።

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ያቺ ሞዴል አዳራሽ ገብታ መስታወት ውስጥ ስትቀመጥ፣ ያየ ሁሉ "ለካ የሚያጥባት አልነበረም" ሊል ነው። ሃያ ሁለት ዓመቷን በአንድ ብሩሽ ጥላሸት ቀባው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጇ የመስታወቱን ሳጥን ሊያመጣ ወጣ። በአራት ሰዓት አንድ የማኅበሩ አብራሪ መጥቶ ሊረከብ ነው። አሮጊቷ እጅጌዋን ሰበሰበችና የላምባውን ጠርሙስ ከፈተች። ልጇ ሲሳሳት የዘይት ቀለሙን በሱ ሲያጠፋ አይታለች፤ ግራጫውን እንደማይነካ ታውቃለች። በጥጥ፣ ከአፍንጫ ወደ ጅራት፣ እንደ ድሮዋ አጠበቻት። ከግራው ጭስ መውጫ ኋላ ብቻ ምስር የምታህል ጥቁር የቃጠሎ ምልክት ተወች። ያቺን ቃጠሎ በሃያ ሁለት ዓመትም ማስለቀቅ አልቻለችም፤ ውሸት ደግሞ አትወድም።

ልጇ ሳጥኑን ታቅፎ ከአብራሪው ጋር ሲገባ ፊቱ አመድ ሆነ።

"እማዬ! ምን አደረግሽ? ጥላሸቱ ብቻ የሦስት ሳምንት ሥራ እኮ ነው!"

"የሃያ ሁለት ዓመት ሥራዬን መለስኩ።"

አብራሪው፣ ሽበቱን ወደ ኋላ ያበጠረ ሽማግሌ፣ መነጽሩን አድርጎ ጎንበስ አለ። "ተወው ልጄ፣ ልክ እንዲህ ነበረች። እኔ ቆሽሻ አይቻት አላውቅም።" ጣቱ ቃጠሎዋ ላይ ሲደርስ ቆመ። "ይቺንም ጠባሳ አውቃታለሁ!"

የአሮጊቷ ልብ ሞቅ አለ። "ለመሆኑ ማን ነበር የሚያጥባት?"

አብራሪው አሰበ። መካኒኩን አስታወሰ፣ ጎማ የሚነፋውን አስታወሰ፣ በር ላይ ይተኛ የነበረውን ውሻ ሳይቀር በስሙ ጠራ።

"አጣቢውን እንጃ" አለ። "እኔ ስመጣ ሁልጊዜ ንጹሕ ነበረች። አስቤውም አላውቅ፣ እትዬ።"

ውሻውን በስሙ! ጫማው እንዳያንሸራትተው መሰላሉን የምትወለውልለት እሷ ነበረች። ከሆዷ ስር ሆና የምታየው እግሩን ነውና ከፊቱ ይልቅ ጫማውን ታውቀዋለች፤ የቀኝ ጫማውን ተረከዝ ረግጦ ይጨርሳል። ዝቅ ብላ አየች። ዛሬም ጨርሶታል።

ልጇ ሞዴሏን አንሥቶ ሳጥኑ ውስጥ አስቀድሞ ካቆማቸው ትናንሽ የፕላስቲክ ሰዎች አጠገብ አስቀመጣት። ሁለት ናቸው፤ አንዱ አብራሪ መሰላል ሲወጣ፣ አንዱ መካኒክ መፍቻ ይዞ። የሞዴሏን ቁርጥራጭ የላከው ፋብሪካ ሦስተኛ ሰው አልላከም።

አሮጊቷ መዳፏን ሳጥኑ ላይ ጫነች።

"ይሄ ሳጥን ከዚህ ቤት አይወጣም።"

"ደግሞ ምን ሆንሽ፣ እማዬ?"

"አንዲት ሴት ትሠራልኛለህ። ከአውሮፕላኗ ሆድ ስር፣ ተንበርክካ። ባልዲዋን ከጎኗ፣ ጨርቁን በእጇ። ፊቷን ግን ወደ መስታወቱ አዙረው።" ወደ አብራሪው ዞረች። "እርስዎም ቁጭ ይበሉ። እሱ ሠርቶ እስኪጨርስ መልኬን ይዩ።"