ፍሬን ውስጥ የገባው አረቄ

ኔስቶር ዛሃሪያ ከሰው ተሳቢ ይሻላል ባይ ነው። ተሳቢ ሲታመም ያስታውቃል፤ ወይ ያንጠባጥባል፣ ወይ ይጮኻል፣ ወይ አልሄድም ብሎ ይተከላል። ሰው ግን ጤነኛ ነኝ እያለ ነው የሚሞተው። ከዊኒፔግ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የጭነት ድርጅት ግቢ ሃያ ሰባት ክረምት በተሳቢ ሆድ ሥር በጀርባው ተኝቶ ያሳለፈ መካኒክ ስለሆነ፣ ይህን ሲል የሚከራከረው አልነበረም።

ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያን ሲያልፍ የእሱ ወግ ይጀምራል። በየጧቱ እያንዳንዱ ተሳቢ ሥር ይገባና የአየር ታንኩን ማፍሰሻ ገመድ ይስባል። ከአየሩ ጋር የሚገባው እርጥበት ተጠራቅሞ ውኃ ይሆናል፤ ውኃው በረዶ ከሠራ አየር አያልፍም፤ አየር ካላለፈ ፍሬኑ አይለቅም፣ ሃያ ቶን ጭነትም እንደ ሐውልት ባለበት ይቀራል። ከዚያ የየጎማውን ታምቡር በመዶሻ አንድ ጊዜ መትቶ ያዳምጣል። የፍሬን ሸራው ተጣብቆ ካደረ ድምፁ ድፍን ነው፤ ከለቀቀ ይጮኻል። ሁሉን በደብተሩ ያሰፍራል፤ የተሳቢውን ቁጥር፣ ብርዱን፣ ስንት ማንኪያ ውኃ እንደወጣ። የሥራ ጓደኛው ባልቢር፣ ሚስትህን እንዲህ ብትከታተላት ገና ድሮ ትፈታህ ነበር ይለዋል።

ኔስቶር ከልቡ የሚኮራው ግን በደብተሩ ሳይሆን በአረቄው ነው። ጓዳው ውስጥ ራሱ ያወጣዋል፤ ማርና ቀይ በርበሬ ይነክርበታል። እሱ ገናን የሚያከብረው ሌላው ሰው የገና ዛፉን ከጣለ በኋላ ነው፤ ያን ሰሞን ለግቢው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጠርሙስ ያድላል። በየጠርሙሱ ላይ በቀለም “65” ብሎ ይጽፋል፤ ከመቶ ስልሳ አምስት እጁ ንጹሕ አልኮል ነው ለማለት። የእኔን አረቄ የሰሜን ዋልታም አያረጋውም እያለ ሲፎክር የኖረ ሰው ነው። እንግዳ የመጣ እንደሆነ ሳይጠየቅ ይናገራል።

ለአብራም ፌር እንኳ ይሰጠዋል። አብራም ስልሳ አራት ዓመት የሞላው ሾፌር ነው፤ የሜኖናይት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ስለሆነ ግቢው ውስጥ ስሙን የሚጠራው የለም፣ ዲያቆን ነው የሚሉት። መጠጥ ሲቀምስ ያየው የለም። ኔስቶር ጠርሙሱን የሚሰጠው ፊቱ ሲቀላ ለማየት ነበር። አብራም ሁልጊዜ አመስግኖ ይቀበላል፤ ኔስቶርም የሆነ ቦይ ውስጥ እንደሚደፋው አይጠራጠርም።

አንድ ዓመት ከኔስቶር ገና በኋላ በመጣው ሰኞ ብርዱ ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ገባ፤ አብራም ዓርብ ማታ አምጥቶ ያቆመው 318 ቁጥር ተሳቢም ተተከለ። ሦስት ሰዓት ላይ የደኅንነት ኃላፊዋ ዶሪን የአብራምን መኪና ስትፈትሽ፣ ከሾፌሩ መኝታ ሥር ባዶ ጠርሙስ አገኘች። “65” ይላል።

የድርጅቱ ደንብ አጭር ነው፤ የተከፈተ የመጠጥ ጠርሙስ መኪናው ውስጥ የተገኘበት ሾፌር ይሰናበታል። አብራም ለጡረታ የቀረው አሥራ አንድ ወር ነው። የተባረረ ሰው ጡረታ ሲጎድልበት፣ በመጠጥ የተባረረ ዲያቆን ደግሞ የዲቁና ወንበሩን ያጣል።

አብራም ባርኔጣውን ይዞ ጋራዡ ውስጥ ቆሞ አስረዳ። ዓርብ ከሰሜን ሲመለስ ነዳጅ ማደያ ላይ ፍሬኑ አልለቅ አለው። ሾፌሮች በረዶውን ለማሟሟት አየር ቱቦው ውስጥ የሚጨምሩት መርዘኛ አልኮል አልቆበታል፤ ማደያውም የለውም። ያኔ ኔስቶር የሰጠው ጠርሙስ እንደታሸገ መኝታው ሥር መኖሩ ትዝ አለው። ከፍቶ አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ቀዩ የአየር ቱቦ ውስጥ ገለበጠው። ፍሬኑ ለቀቀ፣ እሱም እየጸለየ ግቢው ደረሰ። ጠርሙሱን ረሳው።

ዶሪን እስኪጨርስ ጠበቀችው። “ዲያቆን፣ አንተ መዋሸት አትችልበትም” አለችው። “የኔስቶር አረቄ እንደማይረጋ ሕፃን ያውቃል። እዚያ ውስጥ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ተሳቢው ዛሬ ባልተተከለ። በረዶ የሠራው ውኃ ነው። አረቄው የገባው ሌላ ቦታ ነው።” ሆዱን አየት አደረገችው፤ ከዚያ ወደ ኔስቶር ዞረች። “ወይስ ይረጋል?”

ባልቢር ሳቀ። ኔስቶር አልሳቀም።

“ልየው” አለ።

እስከ ስምንት ሰዓት ጊዜ ሰጠችው።

ተሳቢው ሥር ገብቶ የአየር መስመሩን ቫልቭ ፈታው። ውስጡ የተጠቀጠቀው እንደ ውኃ በረዶ ጠጣርና ግልጽ አይደለም፤ ቢጫ ነው፣ እንደ ረጋ ማር ይለጠጣል። መሐሉ ላይ አንዲት የበርበሬ ፍሬ ተሰክታለች። አሸተተው። የገዛ ጓዳው ሸተተው።

ቫልቩንና ታንኩን ጋራዥ ውስጥ አሙቆ የወጣውን በአብራም ጠርሙስ ቀዳው። ጠርሙሱ እስከ አፉ ሞላ፣ ሁለት ጣት ያህል ተረፈ። ትርፉ የመስመሩ ውኃ ነው። ስለዚህ አረቄው በሙሉ ተሳቢው ውስጥ ነበር፤ አብራም አልቀመሰም።

ለምን እንደረጋ ለኔስቶር እንቆቅልሽ አልነበረም። ከስድስት ዓመት በፊት የሚያድላቸው ሰዎች በዝተው አረቄው አልደረስ ሲለው አንድ ባልዲ ውኃ ጨመረበት። ማንም አላወቀበትም። በዓመቱ ሁለት ባልዲ ሆነ። ቤት የሚያስቀምጠው ሌላው ደብተሩ በአልኮል መለኪያ የተነበበውን ይናገራል፤ ዘንድሮ አርባ አንድ። ጠርሙሱ ላይ የሚጽፈው ግን ያንኑ ስልሳ አምስት ነው። የውኃ ማንኪያ የሚቆጥር ሰው ስድስት ዓመት በገዛ እጁ ሐሰት ሲጽፍ ኖረ።

የተረፈውን ሁለት ጣት አየው። የመስመሩ ውኃ ነው ያቀጠነው ቢል አብራምም ይተርፋል፣ አረቄውም ስሙ አይጠፋም። ግን ሁለት ጣት ውኃ ስልሳ አምስትን አያረጋም። ዶሪን ባታውቀውም እሱ ያውቀዋል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ለባልቢር ያስቀመጠው ያልተከፈተ ጠርሙስ ነበር። ከፍቶ በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳና ውጭ በረዶው ላይ አኖረው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እየወጣ እየገባ አየው። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ እንደ መርፌ ያለ ነገር ታየ፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን ማንኪያ ቀጥ ብሎ ቆመበት።

ኩባያውን ዶሪን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠላት። ባልቢርና አራት ሾፌሮች በሩ ላይ ተደርድረዋል፤ ሥራ የሚባል ነገር እንዳለ ሁሉም ረስተውታል።

“ይረጋል” አለ ኔስቶር። “ስልሳ አምስት አይደለም፣ አርባ አንድ ነው። ውኃ እጨምርበታለሁ። ዓርብ ብርዱ ሃያ አራት ስለነበር በረዶውን አሟሟተ፤ ዛሬ ሠላሳ ስምንት ሲሆን ራሱ ረጋ። ዲያቆኑ እውነቱን ነው። የጠጣው ተሳቢው ነው።”

ዶሪን ማንኪያውን ወዝወዝ አደረገችው፤ አልወደቀም። “ከመቼ ጀምሮ?”

“ስድስት ዓመት።”

“እኔ ሾርባ እየጠጣሁ ነበር የምሰክረው?” አለ ባልቢር ከበሩ።

ሾፌሮቹ በሳቅ ፈረሱ። አንዱ ለልጄ ጥርስ ሕመም ልስጠው ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሌላው ለመስታወት መጥረጊያ ይሆን እንደሆነ። ዶሪን ወረቀቷ ላይ ጽፋ ፈረመችና፣ ወደፊት ስጦታ የሚሰጥ ሰው ካልሲ እንዲሰጥ አዘዘች። አብራም ወደ ሥራው ተመለሰ። ኔስቶር መፍቻውን ይዞ ወደ 318 ተመለሰ።

ተሳቢው ሥር ተኝቶ ቫልቩን ሲያጠብቅ የአብራም ጫማ አጠገቡ መጥቶ ቆመ። ዲያቆኑ በርከክ አለና መብራቱን ያዘለት። ስለ እኔ ብለህ ስምህን አጠፋህ አለው።

“የጠፋው አረቄው ነው። እኔማ ድሮም ስም አልነበረኝም።”

“መናገርህ ጥሩ ነው” አለ አብራም። “እኔም ልነግርህ እያሰብኩ አፍሬ ነው እንጂ። እውነትም ከስድስት ዓመት ወዲህ ቀጥኗል። ከዚያ በፊት የነበረው ደረት ያሞቅ ነበር።”

ኔስቶር መፍቻውን እንደያዘ ቀረ። አንገቱን አዙሮ ሽቅብ አየው። የአብራም ፊት ቀልቷል፤ መብራቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

“ቤት ነው” አለ ዲያቆኑ። “መኪና ላይ አይደለም።”

ኔስቶር ቫልቩን አጥብቆ ጨረሰ። ከሥር ወጥቶ መዶሻውን አነሣ፣ ታምቡሩን አንድ ጊዜ መታና አዳመጠ። ጮኸ። ደብተሩን ከፍቶ ጻፈ፤ 318፣ ሠላሳ ስምንት፣ ለቋል። ትንሽ አሰበና ከሥሩ ጨመረበት፤ ለሚመጣው ገና፣ ለዲያቆን፣ ውኃ የሌለበት።