የመጽሐፍ ለቅሶ

«ትሄዳለች!» አለች የሺወርቅ። በሹክሹክታ ማለቷ ነው፤ የሷ ሹክሹክታ ግን ከጅማ መንገድ ማዶ የሚሰማ ዓይነት ነው። «ስሚኝ ሰይዳ፣ ከስልከኛው ጋር ትሄዳለች። ያን ሁሉ ዓመት ለንግድ ብሎ ጠፍቶ፣ አንድ ቃል ያልላከ ባል ምኑን ባል ሆነ?»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ለቅሶ ቤት ነን።»

«ቀስ ብያለሁ እኮ!»

ኦቦ ደቻሳ ከወንዶቹ በኩል ቀና ሲል ሁለቱም ጸጥ አሉ። የሺወርቅ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው፤ ሰይዳ የንፍሮውን ሰፌድ አንስታ ወደ ውስጥ ገባች። የደቻሳ ሚስት ደጊቱ ከተቀበረች ገና በማግስቱ ነው። ድንኳኑ በረንዳው ፊት ተተክሏል፤ ሰበታም ሙሉ በሙሉ እዚያው ነበረች ማለት ይቻላል።

ሰው ቢሰማቸው ምን ይል ነበር? ሐዘን ቤት ተቀምጦ የፍቅር መጽሐፍ ማማት! እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ደጊቱን ከዚህ የተሻለ ማልቀስ አይቻልም። ስትሞት ያን መጽሐፍ እያነበበችላቸው ነበር፤ ሴትዮዋ ትሂድ ትቅር ሳይታወቅ ነው ያረፈችው።

ደቻሳ የሴቶቹን ወሬ አልሰማም። ያየው ዝም ማለታቸውን ብቻ ነው። ወደ እነሱ ባየ ቁጥር ዝም ይላሉ። የሆነ ነገር ደብቀውኛል ብሎ አሰበ፤ አልተሳሳተም።

ይህ በጃንሆይ ጊዜ ነው። የደጊቱ አባት ኦቦ ጎበና ወንድ ልጅ ስላልነበረው፣ ቄስ ትምህርት ቤት የላከው እሷን ነው። ዘመድ አዝማድ «ሴት ልጅ አንብባ ምን ልትሆን ነው?» ብሎ ሳቀበት። ምን እንደሆነች እሁድ እሁድ ከሰዓት የደቻሳ ቤት የመጣ ያይ ነበር። የባለሱቁ የከሊፋ ሚስት ሰይዳ ትመጣለች፤ አረቄ የምታወጣው የሺወርቅ ትመጣለች፤ እርጅና ወገባቸውን ያጎበጣቸው አዴ ወርቅቱም በምርኩዝ ይመጣሉ። ከደጊቱ በቀር ፊደል የቆጠረ የለም። ደጊቱ በሩ አጠገብ፣ ብርሃን ካለበት ትቀመጥና ታነባለች።

ታነባለች ስል ያስነብቧታል ማለቴ አይደለም። አንድ ገጽ ካነበበች ጦርነቱ ይጀመራል።

«ያላንቺ እሞታለሁ አላት? ይሙታ! እስቲ ይሙትና እንየው» ትላለች የሺወርቅ።

«እኔ የማይገባኝ» ትላለች ሰይዳ፣ «እነዚህ ሰዎች ምንድነው የሚበሉት? ከተዋደዱ ጀምሮ አንድም ቀን እሳት ሲነድ አልሰማሁም።»

አዴ ወርቅቱ ደግሞ ዘሩን ሳያውቁ አስተያየት አይሰጡም። «ቆይ ቆይ፣ ልጁ የማን ልጅ ነው?» ይላሉ። ደጊቱ «መጽሐፉ አልተናገረም አዴ» ስትል፣ «እንግዲያው ይቅርባት! አባቱ ያልታወቀ!» ብለው ይቆርጡታል።

ደጊቱ ሁልጊዜ ሁሉም የጠላው ሰው ጠበቃ ናት። ሴቶቹ አንዱን ረግመው ሲጨርሱ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ትደፋና «እስቲ በሱ ቦታ ሁኑ» ትላለች። ያን ጊዜ የሺወርቅ ጸጉሯን ልትነጭ ትደርሳለች።

መጽሐፎቹን የሚያመጣው ማን ነው ብትሉ፣ ደቻሳ ነው። በአህያ እንጨት ጭኖ አዲስ አበባ ይወርዳል፤ ሲመለስ መጽሐፍ አዟሪ ዘንድ ጎራ ይላል። ማንበብ አይችልም፤ ስለዚህ አዟሪውን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቀዋል። «የሚያስለቅስ ነው?»

«ኧረ አባቴ፣ ድንጋይ ያስለቅሳል!»

«በል ስጠኝ።»

ቤት ሲደርስ ከጋቢው ስር ያወጣና ምንም ሳይናገር መደቡ ላይ ጣል ያደርገዋል። ደጊቱ ሽፋኑን አይታ «ይሄስ ደግ አይመስልም» ትለዋለች እየሳቀች። እሁድ ሴቶቹ ሲመጡ ግን ባርኔጣውን አንስቶ ይወጣል። የሴት ጨዋታ ላይ ምን ይሠራል? ሁለት አጥር አልፎ ኦቦ ባጫ ግቢ ይገባና ከባጫ ጋር ገበጣ ይጫወታል።

አሁን ስለ አስካለ ለቅሶ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ባለፈው ዓመት ነው። አስካለ የምትባል የመጽሐፍ ልጅ፣ ሠርጓ ሲቃረብ ሳንባዋን ታማ ሞተች። ሴቶቹ ለሳምንታት ሲያባብሏት፣ ሲመክሯት፣ ሲቆጧት የቆዩ ናቸው፤ ሊያድኗት ግን አልቻሉም። የሺወርቅ «እኔን! እኔን አፈር ይብላኝ!» ብላ ጮኸች፤ አዴ ወርቅቱ በኦሮምኛ ሙሾ አወረዱላት፤ ሰይዳ ደረቷን ደቃች። ሰፈሩ ምን ያድርግ? ሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። ባጫ አንድ እግሩን ብቻ ተጫምቶ አጥር ዘለለ። የእድሩ ለፋፊ ጥሩምባውን አፉ ላይ አድርሶት ነበር።

«ማን ሞተ? ማን ነው የሞተው?»

«አስካለ!»

«የማን አስካለ?»

«የመጽሐፏ!»

አቤት የተሳቀው ሳቅ! ለፋፊው ለወራት የሺወርቅን ባየ ቁጥር «ቀብሩ መቼ ነው?» ይላት ነበር። ከዚያ ወዲህ እሁድ ከሰዓት ከደቻሳ ቤት ለቅሶ ቢሰማ ከመቀመጫው የሚነሳ ጠፋ። «የመጽሐፍ ለቅሶ ነው» ይባልና ሰው ወደ ጉዳዩ ይመለሳል።

ያለፈው እሁድም ጩኸት ተሰማ።

ደቻሳ ባጫ ግቢ ገበጣው ላይ አቀርቅሮ ነበር። ቀና አለና ሳቀ። «ዛሬ ደግሞ ማንን ገደሉ ይሆን?» አለ። ባጫም ሳቀ። ጠጠሮቹን አዞሩ። ጩኸቱ በረታ። «ይቺኛዋ ወዳጅ የበዛላት ናት መሰለኝ» አለ ደቻሳ፤ ጨዋታው እስኪያልቅም አልተነሳ። ተሸንፎ ነበርና በእልህ ሌላ ጀመረ። ያኔ ሰይዳ በአጥሩ ቀዳዳ ገባች። ሻሿን ጥላ፣ ጸጉሯ ተበትኖ ነበር። ደቻሳ የከሊፋን ሚስት ጸጉር አይቶ አያውቅም። ያን ሲያይ ነው ጠጠሮቹ ከእጁ የወደቁት።

ሲደርስ ደጊቱ አልነበረችም።

ጩኸቱን ሰምቶ መሳቁን ከባጫ በቀር የሚያውቅ የለም። ባጫ በለቅሶው ቀናት ከጎኑ አልተለየም፤ ግን ዓይን ለዓይን መተያየት አቅቷቸዋል። ከፉሪ የመጣ የደጊቱ አጎት «ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናህ» ብሎ ከተቀመጠ በኋላ «ምን ነካት?» ሲል ጠየቀ።

«ልቧ ነው መሰል፤ ድንገት ነው» አለ ባጫ።

«አንተ አጠገቧ ነበርክ ልጄ?»

ባጫ ቶሎ ብሎ «እኔ ዘንድ ነበር፤ ይሄው ቅርብ ነው፣ ሁለት አጥር» አለ። አጎትየው አንገቱን ነቀነቀ። ሁለት አጥር! ያ ቃል ደቻሳን እንደ እሾህ ወጋው። ከሁለት አጥር ማዶ ሚስቱ ስታጣጥር እሱ ሲስቅ ነበር። ያን ጊዜ በሕይወት ነበረች ወይስ አልነበረችም? ስሙን ጠርታ ይሆን? «የት ሄደ?» ብላ ይሆን? እህል አልወረደለትም። ተኛ ሲሉት ይጋደማል እንጂ አይተኛም። ሴቶቹን መጠየቅ ይፈልጋል፤ መልሳቸውን ግን ይፈራል።

የሠልስቱ ዕለት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ተመናመነ። ዝናብ ያዝ ስላደረገ ወንዶቹ ድንኳኑን ሊያጠብቁ ወጡ። ደቻሳ ተነሳ። ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገብቶ በሩ ላይ ቆመ።

ሦስቱ ብቻ ነበሩ። ሲያዩት ዝም አሉ፤ እንደ ልማዳቸው።

«ጠርታኛለች?» አለ።

የሺወርቅ እንኳ፣ ያቺ አፏ የማይዘጋው፣ መሬት መሬት አየች።

«እኔ እኮ ሌላ ምንም አልጠይቅም። ደጊቱ ጠርታኛለች ወይ?»

«ቁጭ ይበሉ ኦቦ ደቻሳ» አለች ሰይዳ።

«ቆሜ እሰማለሁ።»

ሰይዳ አዴ ወርቅቱን አየቻቸው። አሮጊቷ በዓይናቸው ፈቀዱላት።

«ስታነብ ቆየችና ዝም አለች» አለች ሰይዳ። «አሳዛኝ ቦታ ስትደርስ ትቆም የለ? ልታለቅስ ነው ብለን ጠበቅናት። ወላሂ ጠበቅናት። የሺማ "ቀጥዪ እንጂ፣ አንጀታችንን አታድብኚው" አለቻት።»

የሺወርቅ አፏን በመዳፏ መታችው። «ይሄ አፍ! ምነው ያን ቀን በተዘጋ!»

«እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ዘንበል ስትል ነው የገባን። ያኔ ጮህን።»

«በሕይወት ነበረች?»

«ነበረች።»

ደቻሳ መቃኑን ያዘ። «ጠራችኝ?»

«አልጠራችዎትም» አለች ሰይዳ፤ እንባዋ መውረድ ጀመረ። «ስንጮህ ዓይኗን ገለጠችና "ኧረ ዝም በሉ፣ ደቻሳ ይሰማል፤ መጽሐፍ መስሎት ይስቅብናል" አለች። ፈገግ ብላ ነው ያለችው። ልጠራዎት ስነሳ ደግሞ ቀሚሴን ያዘችኝ። "ተይው፣ ያልፍልኛል። ጨዋታውን ይጨርስ" አለችኝ። እኔ ሞኟ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆየች፤ ከዚያ እጇ ቀሚሴን ለቀቀ። ይኸው ነው። እንዳይከፋዎት ብለን ነው የደበቅነው፤ ደግሞም ያስቀመጠችኝ እሷ ብትሆንም የተቀመጥኩት እኔ ነኝ።»

«ስቄያለሁ» አለ ደቻሳ። «ጩኸታችሁን ሰምቼ ስቄያለሁ። ማንን ገደሉ ብያለሁ። ጨዋታውን ጨርሻለሁ። ሌላም ጀምሬ ነበር።»

«ያ ደጊቱ ኮ!» አሉ አዴ ወርቅቱ፤ ወዮ ደጊቱዬ ማለታቸው ነው። የሺወርቅ ነጠላዋ ውስጥ ተደብቃ ተንሰቀሰቀች። ማንም ግን ደቻሳን ክፉ አላለውም፤ እሱ ክፉ ቢሉት ይሻለው ነበር።

ሊወጣ ዞረና ቆመ። ለምን እንደጠየቀ ራሱም አላወቀም። «ያ መጽሐፍ ምንድነው የሚለው?» አለ።

ተያዩ። ሰይዳ ነገረችው። ባሏ ለንግድ ሄዶ የቀረባት ሴት እንዳለች፣ አንድ የስልክ ሠራተኛ እንደወደዳት፣ እሷም ልቧ መከፈሉን፣ የሰፈር ሰው ሁሉ ሂጂ እንደሚላት።

«ደጊቱስ ምን ትል ነበር?»

«ብቻዋን የባልየው ወገን ነበረች» አለች ሰይዳ። «"የሚመጣ ሰው ነው፤ ባይመጣ የማያውቀው ነገር ይዞት ነው" ትል ነበር። ሦስታችንም ተነሳንባት።»

ደቻሳ ራሱን ነቀነቀ። በትዳር ዘመኑ ሁሉ ስለ መጽሐፍ አንድ አስተያየት ሰጥቶ አያውቅም። «ተሳስታለች» አለ። «ደጊቱ ተሳስታለች። ያ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው። ሰው እንዴት ሚስቱ እንዲህ ሆና አይመጣም? መስማት ነበረበት። መምጣት ነበረበት!»

አዴ ወርቅቱ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንኳኩ። «የለም ልጄ፣ እንዲህ አይባልም።»

«ይባላል አዴ። ጥፋተኛ ነው።»

ያን ጊዜ የሺወርቅ ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። ስንት እሁድ ባልየውን ስትረግም የከረመችው፣ ዛሬ ጠዋት እንኳ «ጅብ ይብላው» ያለችው የሺወርቅ። ዓይኗ አብጦ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ነበር።

«ምን አጠፋ?» አለች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነተኛ ሹክሹክታ ሆነ። «ምኑን አጠፋ ሰውዬው? በምን ይወቅ? ማን ነገረው? ቢያውቅ ኖሮ እኮ እየሮጠ ይመጣ ነበር።»

«እኔም እንደሱ ነው የምለው» አለች ሰይዳ።

«አባቱን ባላውቀውም ደግ ሰው ነው» አሉ አዴ ወርቅቱ።

ደቻሳ መቃኑን ተደግፎ ቀስ እያለ ወርዶ መሬቱ ላይ ተቀመጠ። ከቀብሩ ጀምሮ ያልወጣለት ለቅሶ መጣበት።

ሦስቱም ሴቶች ምንም ሳይባባሉ፣ ሰውየው እንዳያፍር ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩለት።