ከእድር የወጣ ሰው

«ስንት ሰዓት ይበቃታል?» ብሎ እቴናትን ስለ ልጇ ጠይቋት ነበር ወሰኔ፣ ባለፈው ዓመት፣ እዚሁ ደጃፍ ላይ ቆሞ። ዛሬ ጠያቂው ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ እሷም በግቢዋ ለቀስተኛ ትጠብቃለች።

ድንኳን የለም። ባለሱቋ ሳፊያ ከባሏ ጀልባ ያስፈታችው አሮጌ ሸራ ከግድግዳው እስከ አጥሩ ተወጥሯል። የባሕሩ ነፋስ ሲመጣ ይነፋል፤ ሲሄድ ይረግባል። ከሥሩ ከወደብ የመጡ የዕቃ ሣጥኖች ተደርድረዋል። የተቀመጡት ስድስት ሰዎች ናቸው።

«ንፍሮው የተቀቀለው ለሃምሳ ሰው ነው» አለች እቴናት።

«ስድስቱ ይጨርሱታል። የወደብ ኩሊዎችን አታውቂያቸውም?» አለች ሳፊያ ሻይ እየቀዳች።

እቴናት ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። ወሰኔ የመጋዘን ዘበኛ ነበር፤ ከወሎ ወርዶ ዘጠኝ ዓመት አሰብ ሲኖር ሚስትም ልጅም አላፈራም። የነበረው እድሩ ብቻ ነው። እሱንም ለእሷ ልጅ ሲል ተወው። እንደ ሰው ሦስት ቀን ካልተለቀሰለት ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የእሷ ነው።

ልጇ ታደለች ከተዘጋው በር ኋላ ናት። «አትውጪ» ብላታለች እናቷ። ሰው ቢበዛባት ያ ነገር ይመለሳል ብላ ፈርታለች።

ያ ነገር የጀመረው በለቅሶ ነበር። የታደለች ባል ከጭነት ጀልባ ወድቆ የሞተ ጊዜ እንባ እምቢ አላት። ሴቶቹ «አልቅሺ እንጂ!» እያሉ እጇን ይዘው ደረቷን አስመቷት። ከጀርባዋም «ድሮም አልወደደችውም» ተባለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሰበሰብ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር፤ እያደር ንግግር ተወች። ጠበል ተጠመቀች። ሳፊያ ያመጣቻቸው ሼክም ቁርአን ቀሩላት። በመጨረሻ የክሊኒኩ ድሬሰር አስመራ ውስጥ በንግግር የምታክም፣ አማርኛ የምትችል ጣሊያናዊት ሐኪም እንዳለች ለእቴናት ነገራት።

«ለወሬ ነው የሚከፈለው?» አለ ወሰኔ ሲሰማ። «እኔ በነጻ አወራት የለም እንዴ?»

«አንተማ ታወራለህ፣ ጋሼ። እሷ መቼ አወራች?»

ወሰኔ ስንት ሰዓት እንደሚበቃት የጠየቀው ከዚህ በኋላ ነው።

እቴናት የማታ ትምህርት ከጀመረች ስድስተኛ ወሯ ነበር። በሕይወቷ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ለሐኪሟ ጻፈች፤ አራት ወረቀት አበላሸች። መልሱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመጣ ጣቷን ከቃል ወደ ቃል እያሻገረች አነበበችው። አንድ ሰዓት አምስት ብር። እሷ ልብስ አጥባ በወር የምታገኘው አሥራ ስምንት ብር ነው። ወረቀቱን አጥፋ ከፍራሹ ሥር ከተተችው።

«ጨርሰሽ አነበብሽው?» አላት ወሰኔ።

«ዋጋውን አየሁ። ምን ቀረ?»

«ወረቀት እኮ ጀርባም አለው።»

በጀርባው ሌላ ነገር ተጽፏል። ገቢው ያነሰ ሰው ማስረጃ ከላከ በሁለት ብር ይታከማል። በሳምንት ሁለቴ መምጣት የማይችል አንዴ ይምጣ። ክፍያውም በየወሩ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ስለ ሰዓቱ ብዛት ግን ሐኪሟ «እኔም አላውቅም። በአሥራ ሁለት እንጀምርና እንደገና እንነጋገር» ነበር ያለችው።

«አላውቅም የምትል ሐኪም ትታመናለች» አለ ወሰኔ።

«ዋጋ ቀንሱልኝ ማለት ልመና አይሆንብኝም?»

«ዓሣ ስትገዢ ዋጋ ቀንስ እያልሽ ገበያውን ታውኪ የለም? ደግሞ ይቺ ቀድማ ቀንሳልሻለች።»

እቴናት ማስረጃውን ከአሠሪዎቿ አስጽፋ ላከች። በሁለት ብር ተፈቀደላት። መርከቡ እስከ ምጽዋ፣ ባቡሩ እስከ አስመራ፣ የማደሪያውም ኪራይ ግን ገና ነበር። ይህን ይዛ ወደ እድሩ ሄደች።

«እድራችን የሚከፍለው ሰው ሲሞት ነው፣ ወይዘሮ እቴናት» አሉ ዳኛው አቶ ብዙነህ። «ልጅዎ፣ ተመስገን፣ በሕይወት አለች።»

«እንግዲያው እስክትሞት ልጠብቅ?»

አቶ ብዙነህ መነጽራቸውን አወለቁ። ወሰኔ ከኋላ ተነሣ።

«ደንቡ ከእድር ለሚወጣ ሰው የከፈለው ይመለስለታል ይላል አይደል? እኔ ወጥቻለሁ።»

«አንተ ሰው፣ ነገ ማን ይቀብርሃል?» ብሎ አንዱ ጮኸበት።

«ነገ ነው እንዴ የምሞተው? ቀጠሮ ይዛችሁልኛል?»

አርባ ብር ተቆጠረለት፤ እዚያው ለእቴናት አስጨበጣት። ከወራት በኋላ እቴናት አጥባ ያጠራቀመችውን ይዛለት መጣች፣ ተመልሶ እድር እንዲገባበት። ያን ጊዜ አሥራ ሁለቱ ሰዓት አልቆ ነበር። «ጨምሪላት» ብሎ መለሰላት። ታደለች በአሥራ ዘጠኝ ሰዓት በቃት። ከመርከብ ስትወርድ ወሰኔን ዓይታ «ጋሼ፣ ከስተሃል» አለችው።

«ስታወሪ ክፉ ነሽ ለካ!» አለና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

በማግስቱ፣ በሣልስቱ ጠዋት፣ እቴናት ሣጥኖቹን ስትወለውል አቶ ብዙነህ በትከሻቸው አግዳሚ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ላባቸው እስከ አገጫቸው ወርዷል።

«የእድሩ ድንኳን አልመጣም» አሉ። «ደንቡ አይፈቅድም። ይሄ የቤቴ ነው።»

ከኋላቸው ሌሎችም መጡ፤ አንዱ ወንበር፣ አንዱ ዱካ ይዟል። ግቢው ሞላ። እቴናት «እግዜር ይስጥልኝ» እያለች በየሰዉ ፊት ስታጎነብስ አቶ ብዙነህ ክንዷን ያዙ።

«ያን ቀን የጠየቁኝን እስካሁን አልመለስኩልዎትም» አሉ ቀስ ብለው።

ይህን ጊዜ በሩ ተከፈተና ታደለች ወጣች። እናቷ ሮጣ ደረሰችባት።

«ግቢ ልጄ፣ ሰው በዝቷል።»

«አይቻለሁ፣ እማዬ።»

የሟች ቤተሰብ የሚቀመጥበት ቦታ ሦስቱንም ቀን ባዶ ነበር። ታደለች ሄዳ እዚያ ተቀመጠች። ሴቶቹ ተንሾካሾኩ።

«ዘመዱ ናት እንዴ?»

«ሌላ ዘመድ ካለው ልነሣ» አለች ታደለች። ትንፋሿ ሲያጥር እቴናት አየች፤ ጣቶቿ የሣጥኑን ጠርዝ ጨበጡ፤ ቀስ በቀስም ተፈቱ።

«አልቅሺለት እንጂ» አሉ አንዲት አሮጊት።

«ሲመጣ አለቅሳለሁ፣ እትዬ። አሁን ላውራለት።»

አወራች። ወደ ምጽዋ የሄደች ቀን ወሰኔ መርከቡ ላይ አድርሷት፣ ዕቃዋን ሲያደራርግላት ቆይቶ ሳይወርድ ቀረና ካፒቴኑ እየተሳደበ በትንሽ ጀልባ እንደመለሰው። «እኔ ያን ጊዜ አልናገርም፤ ጋሼ፣ መርከቡ ተነሥቷል ልለው አልቻልኩም» ስትል አቶ ብዙነህ ሳቃቸው አመለጣቸውና ወዲያው ዓይናቸውን በመሐረብ ያዙ። ሰዉ ተላቀሰ።

እቴናት ከልጇ ኋላ ቆማ ነጠላዋን ከትከሻዋ አነሣች፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙራ እንደ ሐዘንተኛ አለበሰቻት።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ለቀስተኛው መነሣት ጀመረ። አቶ ብዙነህ አግዳሚያቸውን ተሸክመው ሄዱ። ኩሊዎቹ ወደ ወደቡ ሄዱ። ሳፊያ ሱቋን ልትከፍት ሄደች። ታደለችና እናቷ ቀሩ።