የኮከብ ባላ

«ማነው የነቀለው?»

ማርያማዊት እየጮኸች ግቢውን አቋርጣ ዳሱ ሥር ደረሰች። የመሃሉን ባላ ጨብጣ ነቀነቀችው። ራሱ ነው፤ ተማሪዎቿ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፉበት! ልጥ ከአገር የጠፋ ይመስል በእሷው ሽቦ ዳሱን ጥፍር አድርገው አስረውታል።

ቡሬ አጠገብ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህርት ናት። ከሳይንስ ክበቧ ልጆች ጋር ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባላ አስተክላ፣ ሽቦ ወጥራ፣ የሬዲዮ አንቴና ሠርታ ክረምት ከበጋ የምትለፋው ለአንድ ፑልሳር ነበር። ፑልሳር ትልቅ ኮከብ ፈንድቶ የቀረ አስኳል ነው። ከፀሐይ የሚከብድ ጉድ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም በማይሞላ ስፋት ተጠቅጥቆ እንደ እንዝርት ይሾራል፤ በዞረ ቁጥር የሬዲዮ ሞገዱ ምድርን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል። ምቱ እጅግ ደካማ ስለሆነ አንዱን በአንዱ ላይ ሲደርቡት ብቻ ነው ከጫጫታው መሃል ብቅ የሚለው። ሳምንቱን ሙሉ ኮምፒውተሩ ላይ እየታየ ነበር። ዛሬ ከፍኖተ ሰላም ትምህርት መምሪያ የሚመጡት እንግዶች ይህንኑ አይተው ለክበቡ ክፍልና መብራት ሊፈቅዱ ነው፤ ካልፈቀዱ ክበቡ ይዘጋል።

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ ዳሱን ያስጣሉት የወላጅ ኮሚቴው ሽማግሌ፣ አያ ላቀው። «ለእንግዳ ዳስ ሲጣል የቆመ ባላ ነቅለን፣ በማግስቱ መመለስ ልማዳችን ነው። ማን በባላ ይቆጣል ብዬ?»

«አንቱማ ምን ያድርጉ አያ፣ አላወቁም። ዳይሬክተሩስ?»

«ገነነማ ቆሞ "ፍጠኑ" ይለን ነበር።»

ደሟ ፈላ። አቶ ገነነ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ሲመጡ ሰላምታም አልሰጠቻቸው።

«ምን እንደሆነ እያወቁ!»

«ቀስ በይ እንጂ! እንግዳ ፀሐይ ላይ ይቀመጥ? የትናንቱን ምስል ክፈቺና አሁን እየገባ ነው በይ። ማን ይለየዋል?»

«ልጆቹ ይለዩታል።»

«ልጆቹ ክፍል ያገኛሉ። እምቢ ካልሽ ክበቡን የዘጋሽው አንቺ ነሽ።»

አይ ድፍረት! አፍርሶ ሲያበቃ በእሷ ሊያሳብብ! ቢሆንም ክፍሉን ፈልጋዋለች። ዝናብ በመጣ ቁጥር ልጆቹ ኮምፒውተሩን በጋቢ ጠቅልለው ሲሮጡ ማየት አንገብግቧታል። የተጠየቀችውም አንዲት ውሸት ብቻ ናት።

የክበቡ ሰብሳቢ ያምሮት ኮምፒውተሩን ታቅፋ መጣች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ቲቸር፣ የትናንቱን ልክፈተው? ከጠየቁኝ አሁን ነው ልበላቸው?»

ማርያማዊት የልጅቱን ፊት አየች። «አትክፈችው» አለቻት።

የመኪና ጡሩምባ ተሰማ። እንግዶቹ ወረዱ፤ አቶ ገነነ ጎንበስ ቀና እያሉ ወደ ወንበሩ መሯቸው። ማርያማዊት ፊታቸው ሄዳ ቆመች።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመቀመጣችሁ በፊት በዚህ በኩል ወደ ጓሮ።»

«መምህርት!» አሉ አቶ ገነነ በጥርሳቸው መሃል።

«ኮከቡን የምትሰሙበትን ነው የምታሳዪን?» አለች አንዲት እንግዳ ፈገግ ብላ።

«የተነቀለበትን ጉድጓድ ነው» አለች ማርያማዊት፣ ቀድማ እየሄደች።